አሞጽ ሳይዘጋው የሄደው ቴሌግራም

ነገሩ የጀመረው ፀደንያ ሆሳዕና በሚገኘው የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ሥራ በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። የጎምቦራ ወረዳን የስንዴ ዘር ዝርዝር እየመዘገበች ሳለ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ አለችና «የት ደረስክ?» የሚል ጽሑፍ አሳይታት ጠፋች።

መጀመሪያ ለእሷ የተላከ መስሏት ስልኳን አነሳች። ስልኳ ላይ ምንም የለም። ከስክሪኑ ግርጌ ካሉት ምልክቶች ሰማያዊዋን የቴሌግራም ምልክት ስትነካት ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር ይሠራ የነበረው አሞጽ የሚባል ልጅ፣ ፋይሉንና ቁልፉን አስረክቦ ሲሄድ ቴሌግራሙን መዝጋት ረስቶ ኖሯል።

አሞጽን አይታው አታውቅም። የቢሮው ሰዎች እንደነገሯት ከሆሳዕና ወጣ ብላ ካለችው ከሀቢቾ የመጣ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ፕሪንተር ሲበላሽ ሁሉም የሚጠራው፣ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ የለቀቀ።

ያኔውኑ መዝጋት ነበረባት። ይህን በኋላ ለራሷ ስንት ጊዜ ብላዋለች። እናቷ ወይዘሮ ወይንሸት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ የሰው ደብዳቤ ማንበብ በሰው መስኮት ከመግባት አይለይም እያሉ ነው ያሳደጓት። መዝጊያውን ልትነካው ስትል ግን አሞጽ ካለበት ቦታ ሆኖ ለጠያቂው፣ ለአንድ ጓደኛው፣ መለሰ። በስልኩ የሚጽፈው ሁሉ እሷም ፊት ይመጣ ነበር።

«ሞያሌ ገብቻለሁ። ነገ እንሻገራለን።»

ከዚያ ዝቅ ብሎ «እህቴ ርብቃ» የሚል ስም አለ። ለእሷ የጻፈው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። «ቦሌ ቡልቡላ ቤት ተከራይቻለሁ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ ለእማዬ ንገሪያት።»

ፀደንያ ሁለቱን መልእክቶች ደጋግማ አነበበች። ሆሳዕና ተወልዶ ላደገ ሰው የዚህን መንገድ ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም። ከእነሱ ቤት በላይ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የቆመው ደቡብ አፍሪካ በደረሱ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ከእነሱ ቤት በታች ያለው ግቢ ደግሞ አምና ሬሳ ሳይመጣ ድንኳን የተተከለበት ነው። ፀደንያ በሁለቱ መሃል ነው የምትኖረው።

አልዘጋችውም። ጠዋት ቢሮ እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የምትከፍተው የአሞጽን ቴሌግራም ሆነ። ናይሮቢ ገባ። ከናይሮቢ ወጣ። የታንዛኒያን ድንበር በእግሩ አለፈ። እሷም በኮምፒውተሩ ካርታ ላይ መንገዱን በጣቷ እየተከተለች ስንት ቀን እንደሚቀረው ትገምታለች። ደላላውን ሲለማመጥ አነበበች። ለጓደኛው ሲቀልድ አነበበች። ጫማው ተቀዶ በላስቲክ ማሰሩን ለዚያ ጓደኛው ጽፎ፣ ለእህቱ ግን በዚያው ሰዓት «የቢሮ ጫማ ገዛሁ» ሲላት ፀደንያ ሳቀች፤ ከዚያ በሳቋ አፈረች። ለማንም አልነገረችም። ብትናገር፣ አንቺ በምን አወቅሽ የሚል ጥያቄ ይከተላል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ መስመር መጣ። «መኪና ልንገባ ነው። ከዚህ በኋላ ስልክ ይዘጋል።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። እህቱ በየቀኑ ትጽፋለች። «ሥራ በዛብህ እንዴ?» «እማዬ ስላንተ ጠየቀችኝ።» «አሞጽ፣ ኧረ መልስ።» ፀደንያ ገጹን በከፈተች ቁጥር የርብቃ መልእክት አንድ ይጨምራል፤ ከሥሩ ምንም የለም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ፣ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ አክሊሉ አንድ ወረቀት ይዘው በየጠረጴዛው ዞሩ። ከዓይናቸው ምንም የማያመልጥ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው።

«የግል መገናኛ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ቴሌግራምም በሉት ሌላ፣ ከቢሮ ኮምፒውተር ይወጣል» አሉ። «ኮምፒውተሮቹ የተንቀራፈፉት፣ ቫይረስ የገባባቸውም በዚህ ነው። እስከ ዓርብ ጠዋት ጊዜ አላችሁ። ዓርብ እኔው ራሴ ዞሬ አያለሁ።» ፀደንያ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ። «አንቺ የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም አይደል? አንድ ነገር እንዳይገኝብሽ።»

«እሺ፣ ጋሽ አክሊሉ» አለች።

በዚያኑ ሰዓት ልታጠፋው ሞከረች። ወደ ፕሮግራም ማስወገጃው ገባች፣ የቴሌግራምን ስም መረጠች፣ ኮምፒውተሩም ርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አይደለችም። አንዴ ካጠፋችው መመለሻ የለውም፤ ተመልሶ ለመግባት የአሞጽ ስልክ ያስፈልጋል፤ የአሞጽ ስልክ ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሳታጠፋው ትታ ወደ ስንዴ ዘሯ ተመለሰች።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሠራተኛው ለምሳ መነሳት ሲጀምር፣ ሣጥኗ ብቅ አለች። መልእክቱ ከቴሌግራም ከራሱ ነው፤ ባለ አምስት አሃዝ የመግቢያ ቁጥር ይዟል። ከቁጥሩ ሥር ይህን ለማንም እንዳይሰጡ ይላል። የሆነ ሰው በአሞጽ ስም ከሌላ ስልክ ሊገባ እየሞከረ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ቁጥር መጣ። ቀጥሎ ሦስተኛ።

ከዚያ ኔኤማ ከምትባል ከማታውቃት ሴት መልእክት መጣ። ፎቶው ላይ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ አለች። ፊደሉ የፈረንጅ፣ ቃሉ አማርኛ ነው።

«አሞጽ ነኝ። ስልኬ ጠፋ። ከራሴ በቀር የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም፤ የራሴን ስም ፈልጌ ለራሴ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሩ ካልተዘጋ፣ አጠገቡ ያለህ ሰው፣ እባክህ አሁን የመጣውን ቁጥር ላክልኝ።»

ፀደንያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

እንዲህ ያለውን ልመና ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት የአክስቷ ልጅ ሊያ «ጓደኛሽ ነኝ፣ ቁጥር መጥቶልሻል፣ ላኪልኝ» ተብላ ላከች፤ ሌባው በሊያ ስም ገብቶ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አታለለ። ይሄኛውስ ማን ነው? የአሞጽን ስልክ የወሰዱት ሰዎች ቢሆኑስ? በእሱ ስም ገብተው እህቱን፣ የሀቢቾዋን እናቱን እንደፈለጉ ሊያደርጓቸው ነው። አሞጽ ከሆነ ደግሞ፣ አገሩ ካልሆነ አገር አንድ ሰው በሩን እያንኳኳ ነው፣ ቁልፉም በእሷ እጅ ነው።

መልስ መጻፍ ጀመረች፤ አጠፋችው። ማስወገጃውን እንደገና ከፈተችው። ካጠፋሁት አላየሁም፣ ካላየሁ አልጠየቅም አለች በልቧ። የማውሱ ቀስት ማጥፊያው ላይ ቆመ፤ ጣቷ ግን አልታዘዝ አላት። ስክሪኑን አጥፍታ ቤቷ ሄደች፤ ምሳውንም አልበላችም። እናቷ «ምን ሆንሽ?» ቢሏት «ሥራ» አለቻቸው።

ሐሙስ በዚያው ሰዓት ኔኤማ ተመልሳ መጣች።

«ትናንት አንብበኸዋል። የመነበቡ ምልክት ሁለት ሆኗል፤ ስለዚህ ሰው አለ ማለት ነው። ስማኝ፤ ታንዛኒያ ሆስፒታል ነኝ። ስልኩ አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ የልጇ ነው፤ በስድስት ሰዓት ነው የምትመጣው። ነገ እናቷን ይዛ ትወጣለች። ነገ ለመጨረሻ ጊዜ እሞክራለሁ።»

ፀደንያ «ደውል። ድምፅህን አሰማ» ብላ ላከች።

«አይቻልም። ጥቅሏ ለድምፅ አይበቃም» ብሎ መለሰ፤ ወዲያውም ጠፋ።

ሌባም የሚለው ይህንኑ ነው። በሽተኛም ምናልባት ይህንኑ ይላል። ብቻዋን የምትፈታው እንዳልሆነ ያኔ ገባት።

ርብቃ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ከአሞጽ መልእክቶች ታውቀዋለች። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ በባጃጅ ሄደች። ርብቃ ሦስተኛ ክፍልን ለቃ ስትወጣ በረንዳው ላይ ጠበቀቻት። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ረጅም፣ በግራ እግሯ ትንሽ የምታነክስ ሴት ናት።

«ቲቸር ርብቃ እርስዎ ነዎት? ፀደንያ እባላለሁ። ወንድምዎ በነበረበት ቢሮ ነው የምሠራው።»

የርብቃ ፊት በራ። «አሞጽ! ደህና ነው? አግኝታችሁት ነው? ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ...»

ፀደንያ ስትመጣ በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ከአፏ ጠፋ። «አዲስ አበባ አይደለም ያለው» አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሞያሌን፣ መኪናውን፣ ዝምታውን፣ ትናንትና ዛሬ የመጣውን።

ርብቃ ሳታቋርጥ ሰማቻት። ፀደንያ ስትጨርስ ከአጠገባቸው ሕፃናት እየጮሁ ሲሮጡ እነሱን ነበር የምታየው።

«ይህን ስታነቢ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ወር ሊሞላኝ ነው።»

«እኔ በየቀኑ ስጽፍለት፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታነቢ ነበር?»

«አነብ ነበር» አለች ፀደንያ።

«ሞያሌ ሳለ ብትነግሪኝ» አለች ርብቃ፤ ድምፅዋ እየቀጠነ መጣ፤ «ሞያሌ እኮ አገራችን ነው። ታላቅ ወንድሜን ልኬ አስመልሰው ነበር። በይ ሂጂ። ሂጂልኝ፤ ልጆቹ ፊት አታስለቅሺኝ።»

ፀደንያ በእግሯ ተመለሰች። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ባጃጆቹ ጭቃውን እየረጩባት ሲያልፉ አንዱንም አልጠራችም። ሞያሌ ሳለ ብትነግሪኝ የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ቁርጥ ሐሳብ አልነበራትም። አቶ አክሊሉ ከታችኛው ፎቅ መጀመራቸውን ሰማች። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል። ከሁለት አንዱን ማድረግ አለባት፤ አጥፍታው ንጹህ ኮምፒውተር ማሳየት፣ ወይም ስድስት ሰዓትን መጠበቅ። እጇ ማስወገጃው ላይ እንዳለ በሩ ተንኳኳ።

ርብቃ ነበረች። ዓይኗ አብጧል፤ በነጠላዋ ላይ የዝናብ ነጠብጣብ አለ። ሰላም ሳትል ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች።

«የት ነው? አሳዪኝ።»

ፀደንያ ገጹን ከፈተችላት። ርብቃ የወንድሟን መልእክቶች ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። ጫማው በላስቲክ መታሰሩን የጻፈው ላይ ስትደርስ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ስድስት ሰዓት ላይ የመግቢያ ቁጥሩ መጣ። ኔኤማም ተከተለች። «አለህ?»

«ቆይ» አለች ርብቃ፣ ፀደንያ ልትጽፍ ስትል። «እሱ ይሁን ሌባ በአንድ ጥያቄ አውቃለሁ።» ኪቦርዱን ተቀብላት በሀዲይኛ ጻፈች፤ ከዚያ ለፀደንያ ተረጎመችላት። «እግሬን ያቆሰለኝ ማን ነው ብዬዋለሁ።»

ሁለቱም ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ። እየጻፈ ነው የሚለው ምልክት መጣ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ። በኮሪደሩ የአቶ አክሊሉ ጫማ ይሰማል።

መልሱ ሲመጣ ርብቃ አነበበችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፀደንያ እያለቀሰች መስሏት ነበር፤ ግማሹ ሳቅ ነው።

«ምን አለ?»

«"እኔ አይደለሁም" ነው የሚለኝ። "ማጭዱን ሣር ላይ ጣልኩት እንጂ አልመታሁሽም፤ ሮጠሽ የረገጥሽው አንቺ ነሽ፤ ሃያ ዓመት ስነግራችሁ ማን ሰማኝ" ይላል።» ዓይኗን ጠረገች። «እናታችንም፣ ጎረቤቱም፣ አገሩ ሁሉ እሱ ነው የሚለው። እኔ አይደለሁም የሚል ከእሱ በቀር የለም። እሱ ነው። ወንድሜ ነው።»

ፀደንያ የመግቢያ ቁጥሩን ጽፋ ላከች። ቁጥሩ እንደሄደ ከቴሌግራም ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ቁጥሩ ለሰው ስለተላከ ከእንግዲህ አይሠራም ይላል።

«አልሠራም» ብሎ ጻፈ አሞጽ። «እናቷ ተነስታለች፤ ሊሄዱ ነው።»

«በአሃዝ ሲላክ ቴሌግራሙ ያውቀዋል ማለት ነው» አለች ፀደንያ። «በቃል ብንጽፈውስ? በሀዲይኛ?»

አዲስ ቁጥር መጣ፤ ርብቃ ገና ስታየው በሩ ተከፍቶ አቶ አክሊሉ ገቡ። ሁለቱን ሴቶች አዩ፣ ስክሪኑን አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሰኞ ምን ብዬ ነበር?»

ፀደንያ ተነሳች። «ጋሽ አክሊሉ፣ የአሞጽ ቴሌግራም ነው። ክፍት አግኝቼው ሳልዘጋ፣ ሳነበው ቆይቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ታንዛኒያ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እህቱ እያነጋገረችው ነው። አሁን ካጠፋነው መግቢያ የለውም። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ፤ ከዚያ እርስዎ ፊት አጠፋዋለሁ።»

አቶ አክሊሉ በሩን ከውስጥ ዘጉትና ግድግዳውን ተደግፈው ሰዓታቸውን አዩ። «ቀጥሉ» አሉ።

ርብቃ አምስቱን አሃዞች አንድ በአንድ በሀዲይኛ ቃል ጻፈች፤ ልክ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ቁጥር እንደምታስቆጥር። ላከችው። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ቴሌግራም ሌላ መልእክት ላከ፤ በአዲስ ስልክ ተገብቷል ይላል። ወዲያውም የርብቃ ቦርሳ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ከራሱ፣ ከአሞጽ ስም፣ ለእሷ።

አውጥታ አነበበችና ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ደላሎቹ ከመኪናው አውርደው መንገድ ዳር ጥለውት ነበር፤ ትኩሳት ይዞት መቆም አልቻለም። ገበሬዎች አንስተው ሆስፒታል አደረሱት። የሆስፒታሉን ስም፣ የከተማውን ስም፣ የአንድ ነርስ ስልክ ጽፎላታል። የነርሷን ቁጥር ርብቃ በወረቀትም ገለበጠችው፤ በእጇ ላይም ጻፈችው።

«ከእንግዲህ ሳትነግረኝ አንድ እርምጃ እንዳትሄድ» ብላ መለሰችለት።

ፀደንያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። መጀመሪያ ከአሞጽ ስም ወጣች፣ ከዚያ ማስወገጃውን ከፈተች። ኮምፒውተሩ ርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። ነካችው። ሰማያዊዋ ምልክት ከስክሪኑ ግርጌ ጠፋች፤ ቦታዋም ባዶ ቀረ። ቀላል ይሆንልኛል ብላ ነበር፤ ሆድ የባሳት ግን ያኔ ነው።

«ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይደርስሻል» አሉ አቶ አክሊሉ ሲወጡ። «ፋይልሽ ውስጥ ይገባል። ያልተላከልሽን ማንበብሽ ተገቢ አይደለም።» በሩ ጋ ቆም አሉ። «ልጁ ፕሪንተር የሚጠግንልን አልነበር? ቴሌግራሙን ዝጋ ሳልለው የተረከብኩት እኔ ነኝ።»

ማስጠንቀቂያው ሰኞ ደረሳት። ከሥራ ግን አልወጣችም።

አሞጽ ከሁለት ወር በኋላ ተመላሾችን በያዘ አውሮፕላን አዲስ አበባ ገባ፤ በማግስቱም ርብቃ ከሆሳዕና መናኸሪያ ተቀበለችው። በሁለተኛው እሑድ ርብቃ ፀደንያን ቤቷ ጠራቻት። ፀደንያ ልቅር ብላ ነበር፤ እናቷ «የበደልሽው ሰው ሲጠራሽ አይቀርም» ብለው ላኳት። ጉዳዩን ለእናቷ የነገረቻቸው ያኔ ነው።

የአሞጽ እናት ወይዘሮ አስናቀች ከሀቢቾ መጥተው፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና በገበቴ አቅርበው ነበር። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የፀደንያን ሁለት እጅ ይዘው ለረጅም ጊዜ በሀዲይኛ መረቋት። ርብቃ አጎረሰቻት። ስለ ሞያሌ ያነሳ የለም።

አሞጽ ከጠበቀችው በላይ አጭር፣ ከጠበቀችውም በላይ የከሳ ነው። ቀና ብሎ አላያትም። ሰዉ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ምን ያህሉን አነበብሽ?» አላት ወለሉን እያየ።

ለመዋሸት ከጅሏት ነበር። «ሁሉንም ማለት ይቻላል» አለች። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እንዲያማ ከሆነ የምነግርሽ የለም።»

«አለ» አለች ፀደንያ። «ከመኪናው በኋላ ያለውን አላነበብኩም።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። እናቱ ደህና ነህ ወይ ብለውታል። እህቱ ለምን ዋሸኸኝ ብላዋለች። መኪናው ውስጥ የሆነውን የጠየቀው አልነበረም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ተነስቶ ዘጋው፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

«አርባ ሦስት ነበርን» ብሎ ጀመረ።